ቦሮው ነው ሌንድ? መጀመሪያ አማርኛውን ጠይቁት

የምሠራው አራት ኪሎ፣ ኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ደንበኛ የሥራ ማመልከቻውን በእንግሊዝኛ በእጁ ጽፎ ያመጣል፣ እኔ እተይባለሁ። ማይክሮሶፍት ወርድ ፊደል ሲሳሳት ቀይ ያሰምራል፤ ሁለት ትክክለኛ ቃላት ቦታ ሲለዋወጡ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ነው። ማጣራቱ የኛ ሥራ ይሆናል።

ዋናው ራስ ምታት ቦሮው እና ሌንድ ናቸው። «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» ብሎ የማያውቅ ተማሪ ካለ ይቅረብ! መላው ቀላል ነው፦ ግሱን በአማርኛ «እሱ» ብላችሁ በኃላፊ ጊዜ ጥሩት። በ«ተ» ከጀመረ፣ ማለትም ተዋሰ ወይም ተበደረ ካላችሁ፣ ቦሮው ነው። በ«አ» ከጀመረ፣ አዋሰ ወይም አበደረ ከሆነ፣ ሌንድ። «እስክሪብቶ አውሰኝ» የመጣው ከአዋሰ ስለሆነ «ሌንድ ሚ» ነው፤ «እስክሪብቶህን ልዋስ?» ከተዋሰ ስለሆነ ቦሮው። ተማረ ለርን፣ አስተማረ ቲችም በዚሁ ይሄዳሉ። ተከራየ እና አከራየ ላይ ግን እንግሊዝኛው ራሱ ሰነፍ ነው፤ ሁለቱንም ሬንት ይላቸዋል። አከራዩን መለየት ስፈልግ «ሬንት አውት» ብዬ እጽፋለሁ።

ማመልከቻ ላይ የሚያስቀኝ ደግሞ «አይ አም ኢንተረስቲንግ ኢን ዚስ ጆብ» ነው። ሰውየው ሥራው ስቦኛል ሊል ፈልጎ ራሱን ሳቢ አደረገ። ስሜቱ ያደረበት ሰው በኢዲ፣ ስሜቱን የፈጠረው ነገር በአይኤንጂ ይጨርሳል። ስለዚህ «አይ አም ቦርድ» ሰልችቶኛል፣ «አይ አም ቦሪንግ» አሰልቺ ነኝ።

አድቫይስ እና አድቫይዝን ለጆሮ ተዉት። መጨረሻው «ስ» ሲሆን ምክር ነው፣ በሲ ይጻፋል፤ «ዝ» ሲሆን መምከር ነው፣ በኤስ። ጠፋበት ወይም ተሸነፈ የሚለው ሉዝ አንድ ኦ ብቻ አለው፤ የላላ ልብስ ሉስ ሁለት ኦ።

ጆሮም አማርኛም የማያድኑት ስቴሽነሪ ነው። የጽሕፈት መሣሪያው መጨረሻው አካባቢ ኢ ይገባበታል፤ ፖስታ በእንግሊዝኛ ኤንቨሎፕ ተብሎ በኢ እንደሚጀምር አስቡ። በኤ ከተጻፈ «የማይንቀሳቀስ» ማለት ነው፣ የኛ ሰፈር አንዱ ታፔላም እንደዚያ ይላል። ታፔላ የምታሠሩ ከሆነ ቃሉን ለሠሪው በቃል አትንገሩት፤ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፣ ቀለም ከመቀባቱ በፊትም ንድፉን እዩ።