የዘረመል ፍሰትን በበቆሎ ማሳ ላይ እንዴት መለካት ይቻላል

ዘረመል ከአንድ የተክል ወይም የእንስሳ ስብስብ ወደ ሌላው ሲሻገር የዘረመል ፍሰት ይባላል። ጅማ ላይ ይህን በአንድ ክረምት በዓይን ለማየት እንደ በቆሎ የሚመች ተክል የለም። የቢጫ ፍሬ ዘረመል በነጩ ላይ ገዢ ነው፤ የቢጫው ብናኝ (የወንዴ አበባው ዱቄት) ነጭ በቆሎ ላይ ካረፈ ፍሬው በዚያው ምርት ቢጫ ሆኖ ይወጣል።

1. የጠራ ዘር ያዙ። ቢጫው ከነጭ ጋር የተዳቀለ ከሆነ ግማሹ ብናኝ የነጭ ዘረመል ስለሚይዝ ቆጠራችሁ ያንሳል።

2. በሚያዝያ ዝናቡ ሲረጋ ቢጫውን 4 በ4 ሜትር መደብ ላይ ዝሩ። ነጩን ከመደቡ ጠርዝ ጀምራችሁ፣ ነፋስ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ፣ እስከ 30 ሜትር ዝሩ። በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ቢጫውን ግማሹን ከነጩ ጋር፣ ግማሹን ከ8 ቀን በኋላ ዝሩ። ሙከራው በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ የብናኙ ዕድሜ ቢበዛ አንድ ቀን ያህል በመሆኑ፣ የነጩ ፀጉር ሲወጣ ቢጫው አበባውን ጨርሶ ከሆነ ምንም አይሻገርም። በ200 ሜትር ውስጥ የጎረቤት ቢጫ በቆሎ ካለም ውጤቱ አይታመንም።

3. ሲደርስ ከ1፣ 5፣ 10፣ 20 እና 30 ሜትር ላይ አምስት አምስት ራስ ቁረጡ። እያንዳንዱ ፍሬ የራሱ ፀጉር፣ የራሱ ብናኝ ስላለው ፍሬ በፍሬ ቁጠሩ። ፈዘዝ ያለውንም ቢጫ በሉት፤ ከእናቱ ሁለት የነጭ ቅጂ ስለወሰደ ነው የፈዘዘው። ብናኙ ከባድ ስለሆነ ቁጥሩ ከመጀመሪያዎቹ ሜትሮች በኋላ በፍጥነት ያሽቆለቁላል።

4. ከ400 ፍሬ 20ው ቢጫ ከሆነ 5 በመቶ ነው። ለሁለት ክፈሉት፤ ብናኝ የሚያመጣው የፍሬውን ግማሽ ዘረመል ብቻ ነውና የፍሰቱ መጠን 2.5 በመቶ ይሆናል። ዘር ሳይመረጥ በየዓመቱ ይህን ያህል ከገባ፣ የነጩ ዘረመል በ28ኛው ትውልድ ከግማሽ በታች ይወርዳል።

ገበሬው ቢጫዎቹን እየለቀመ ካወጣ ግን ምርጫው ፍሰቱን ያሸንፋል። ተቃራኒው ይከብዳል፦ ቢጫ ማሳ ውስጥ የገባ ነጭ ዘረመል በቢጫ ፍሬ ውስጥ ተደብቆ ስለሚያልፍ ለቅሞ ማውጣት አይቻልም።

በጅማ ዞን ባለው በበለጠ ገራ ደን የጫካ ቡና ላይ ስሌቱ ይለያል። ቡናችን በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ስለሚያፈራ በንብና በነፋስ የሚሻገረው ጥቂት ነው። ጦጣ ወይም ወፍ ፍሬውን ይዞ ሌላ ቦታ ከጣለው ግን የእናትም የአባትም ዘረመል አብሮ ስለሚሄድ ለሁለት አይከፈልም።