ቻርጀር ላይ ውሎ ድንገት የሞተ ስልክ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና ጥገናው

ባትሪ ቀይሮ መሞከርን፣ የቻርጀር መሰኪያውን ማጽዳትን፣ ስክሪኑ ብቻ ጨልሞ እንደሆነ ደውሎ ማረጋገጥን ጥገና የጀመረ ሁሉ ስለሚያውቀው እዚህ አልደግመውም። ይህን የምጽፈው እነዚህ ሁሉ ተሞክረው ስልኩ አሁንም ምንም ምላሽ ለማይሰጠው ባለሙያ ነው። አዳማ ላይ ጥገና በቆየሁባቸው ዓመታት «ጠዋት ደህና ነበር፣ ማታ ሞተ» ተብለው ከመጡልኝ ስልኮች መካከል በብዛት የማገኛቸው ባጃጅ ላይ ቻርጅ ሲደረጉ የተጎዱትን ነው። ስለዚህ ሌሎቹን ብልሽቶች በአጭሩ አልፌ በዚህኛው ላይ እቆያለሁ።

ምልክቱ

ባለቤቱ የሚነግረን ስልኩ የጠፋበትን ሰዓት ነው፤ የተጎዳበት ሰዓት ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይቀድማል። ጉዳቱ ሲደርስ ባትሪው ግማሽ ያህል ቻርጅ ከነበረው ስልኩ ያንን እስኪጨርስ ሲሠራ ይውላል፣ ማታ ላይ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ቻርጀር አይነሳም። ስለዚህ «መቼ ጠፋ?» ብቻ ሳይሆን «መጨረሻ ቻርጅ ያደረጉት የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ልፋት ያድናል። በቻርጀሩና በስልኩ መካከል የዩኤስቢ መለኪያ ሲገባ ከሁለት አንዱ ይታያል። የመለኪያው ስክሪን ራሱ ከጠፋ የቻርጅ መስመሩ ከግራውንድ (ከኔጌቲቩ መስመር) ጋር ሾርት ሆኗል፤ ማለትም ሁለቱ በቀጥታ ተገናኝተዋል። መለኪያው 5 ቮልት እያሳየ አምፔሩ 0 ላይ ከቆመ ደግሞ መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጧል፣ ወይም ኃይሉን የሚቀበለው አይሲ (ትንሽ ቺፕ) ሥራውን አቁሟል።

መንስኤው

የባጃጅ ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ወደ 14 ቮልት ይጠጋል። ስልክ በመሰኪያው በኩል የሚጠብቀው 5 ቮልት ነው። ፈጣን ቻርጅ የሚቀበሉ ስልኮች 9 ቮልትና ከዚያም በላይ ቢወስዱም ይህ የሚሆነው ስልኩና ቻርጀሩ አስቀድመው ከተግባቡ በኋላ ብቻ ነው። ከመሪው አጠገብ የምትታሰረው ትንሽ ቻርጀር ሥራዋ 12ቱን ወደ 5 ማውረድ ሲሆን፣ ይህን የምታደርገው በፍጥነት እየከፈተ እየዘጋ በሚሠራ አንድ አይሲ ነው። ርካሽ ቻርጀር ውስጥ ይህ አይሲ የሚችለው ጭነት ቻርጀሩ ላይ ከተጻፈው ያነሰ ነው፤ በዚያ ላይ የአዳማ ፀሐይና አቧራ ቀኑን ሙሉ ያርፍበታል። ሲቃጠል ደግሞ ብዙ ጊዜ መስመሩን ቆርጦ ሳይሆን ሾርት ሆኖ ስለሆነ የባጃጁ ቮልት እንዳለ ወደ ስልኩ ይገባል። የቻርጀሩ መብራት እንደበራ ስለሚቀጥል ሹፌሩ ምንም አይጠረጥርም።

አንድ የባጃጅ ሹፌር በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ስልክ አመጣልኝ፤ መጀመሪያ የራሱን፣ ቀጥሎ በእሱ ምትክ የገዛውን፣ በመጨረሻም ከባለቤቱ የተዋሰውን። «ስልክ አልበረክትልህ አለኝ» ሲለኝ ከልቡ አዝኖ ነበር። በሦስቱም ላይ የሞተው ያው አንድ መስመር ስለነበር «ወንድሜ፣ ባጃጅህን ይዘህ ና» አልኩት። ደጃፉ ላይ አቁሞ ሞተሩን ሳያጠፋ የቻርጀሩን መውጫ ስለካው 13.9 ቮልት አገኘሁ። ቻርጀሩን ስንከፍተው አይሲው መሃሉ ላይ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ቀዳዳ ነበረችው፤ ዙሪያዋ ጠቁሮ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ሰማያዊው መብራት ግን አሁንም ይበራ ነበር። ሦስት ስልክ የበላችው ያች ቻርጀር የተገዛችው ከአንድ ቀን ምሳ በማይበልጥ ዋጋ ነበር፤ እንዲህ ያለ ዕቃ አምጥቶ የሚሸጥ ነጋዴ ምን እየሸጠ እንደሆነ ሊያውቅ ይገባል።

ጥገናው

ከሁሉ በፊት የባትሪው ፍሌክስ (ጠፍጣፋ ቀጭን ማገናኛ ገመድ) ይነቀላል። ባትሪው ሳይነቀል ሾርት መለካት የተሳሳተ ውጤት ከመስጠቱም በላይ፣ የሚተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ጫፍ በተንሸራተተ ጊዜ ደህና የነበረውን ቦርድ ያቃጥላል። ከዚያ ሚተሩን የዲዮድ መለኪያው ላይ አድርጎ ቀዩን ጫፍ ግራውንድ ላይ፣ ጥቁሩን የቻርጀሩ 5 ቮልት መግቢያ ላይ ማሳረፍ ነው። 0 ወይም ለ0 የቀረበ ቁጥር ከመጣ መስመሩ ሾርት ነው። ቀጥሎ ከታች ያለውን ትንሹን የቻርጅ ቦርድ ከዋናው ቦርድ የሚያገናኘው ፍሌክስ ተነቅሎ ሁለቱም ለየብቻ ይለካሉ። ሾርቱ ታችኛው ቦርድ ላይ ከቀረ ሥራው ቀላል ነው፤ ጥፋተኛዋ ብዙውን ጊዜ ከመሰኪያው አጠገብ ያለችው የመከላከያ ዲዮድ ናት። ይህች ዲዮድ ከመጠን ያለፈ ቮልት ሲመጣ ራሷን ሾርት አድርጋ የኋላውን ታድናለች። ስትነቀል ስልኩ ወዲያው ቻርጅ ይቀበላል፤ ብዙ ጠጋኞች እዚህ ላይ ዘግተው ለባለቤቱ ያስረክባሉ። ይህ ልክ አይደለም። በምትኳ ተመሳሳይ ዲዮድ ከሌላ ቦርድ ተነቅላ ካልገባች የሚቀጥለው 14 ቮልት በቀጥታ ዋናው ቦርድ ላይ ያርፋል።

ሾርቱ ዋናው ቦርድ ላይ ከሆነ፣ ወይም ሾርት ሳይኖር አምፔሩ 0 ከሆነ፣ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ኦቪፒ የሚባለው አይሲ ነው። ይህ አይሲ በመሰኪያውና ባትሪውን በሚሞላው ቻርጂንግ አይሲ መካከል ቆሞ ቮልቱ ሲበዛ በሩን የሚዘጋ ሲሆን፣ ሁሉም ስልኮች ግን የላቸውም፤ በብዙ ርካሽ ሞዴሎች ያቺ ዲዮድ ብቻዋን ናት። መግቢያው ላይ 5 ቮልት እየደረሰ መውጫው ላይ ምንም ከሌለ አይሲው መቀየር አለበት። መቀየር እንጂ በሽቦ መዝለል አይገባም! ከወንጂ የመጡ አንዲት እናት ስልካቸው ሌላ ቦታ «ተጠግኖ» አንድ ሳምንት ከሠራ በኋላ ዳግመኛ ጠፍቶ አመጡልኝ። ስከፍተው ኦቪፒው ተነስቶ በቦታው ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ ከመግቢያ ወደ መውጫ ተበይዳለች። በዚያ ሽቦ በኩል ያለፈው ቮልት ቻርጂንግ አይሲውንም፣ ለቦርዱ ኃይል የሚያከፋፍለውን ፓወር አይሲንም አቃጥሏል። «እማማ፣ መጀመሪያ ቢመጡ በትንሽ ገንዘብ ይጠገን ነበር» ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም፤ እሳቸው የጠየቁኝ ስለ ስልኩ ሳይሆን ውስጡ ስላለው የሟች ልጃቸው ፎቶ ነበር። ሁለቱንም አይሲ ከሌላ ቦርድ ነቅዬ አስገባሁና ፎቶው ወጣ። ይህን የማነሳው ሌላ ቀላል መንገድ ስለሌለ ነው፤ ዛሬ የአንድ ስልክ ሜሞሪ ምስጢራዊ ቁልፉ ከራሱ ፕሮሰሰር ጋር የታሰረ ስለሆነ ሜሞሪውን ብቻ ነቅሎ ሌላ ቦርድ ላይ በመግጠም ፎቶ ማውጣት አይቻልም። ያ ቦርድ ራሱ ተጠግኖ መሥራት አለበት፤ የመጀመሪያው ጠጋኝ የሚያበላሸው ነገር ሁሉ የዚህን ዕድል ያጠብባል።

ጉዳቱ ከቻርጅ መስመሩ አልፎ ወደ ዋናው ቦርድ መድረሱ የሚታወቀው ቮልትና አምፔር መጥኖ በሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ነው። ሰፕላዩ 4 ቮልት ላይ ተደርጎ፣ አምፔሩ 2 ላይ ተገድቦ በባትሪው ቦታ ይያያዛል። የማብሪያው ቁልፍ ሳይነካ አምፔር ከጎተተ ዋናው መስመር ላይ መፍሰስ ወይም ሾርት አለ። ቁልፉ ተጭኖም 0 ላይ ከቆመ ወደ ቁልፉ ፍሌክስና ወደ ፓወር አይሲው መሄድ ነው። ጥቂት ሚሊአምፔር ጎትቶ እዚያው ደርቆ ከቀረ ደግሞ ብዙ ጊዜ ችግሩ ሶፍትዌር ወይም ሜሞሪ ነው።

ሾርቱ የት እንዳለ ለማግኘት የሮዚን (ለብየዳ የሚያገለግል ሙጫ) ጭስ እስከ ዛሬ ከሁሉም ይበልጥብኛል። በብየዳው ጫፍ የቀለጠው ሮዚን ጭሱ ቦርዱ ላይ እንደ አመዳይ ነጭ ሆኖ ያርፋል፤ ከዚያ መስመሩ ላይ ከ1 ቮልት ጀምሮ በዝግታ ቮልት ሲሰጥ ሾርት የሆነችው ዕቃ ትግልና በላይዋ ያለው ነጭ ቀልጦ እሷ ብቻዋን ጥቁር ሆና ትታያለች። የምትገኘው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ናት፤ ትነሳና መስመሩ ዳግመኛ ይለካል። ነገር ግን መስመሩ በሥራ ላይ ከሚሸከመው በላይ ቮልት በፍጹም አይሰጥ። በተለይ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚሄዱት መስመሮች 1 ቮልት ገደማ ብቻ የሚሸከሙ ሲሆኑ ሲለኩም በተፈጥሯቸው ዝቅተኛ ቁጥር ያሳያሉ፤ ይህን ሾርት መስሎት 4 ቮልት የሚልክ ሰው ስልኩን ለዘለቄታው ይገድለዋል።

ሌሎች መንስኤዎች

ውኃ የገባበት ስልክ ሩዝ ውስጥ አይቀበርም፤ ሩዝ ዝገት አያቆምም። ባትሪው ወዲያው ተነቅሎ ቦርዱ በ99 ከመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። ሶደሬ ላይ ውኃ የገባበትን ስልክ «ደርቋል» ብሎ ቻርጀር ላይ የሰካ ሰው ከውኃው የከፋውን ጉዳት ያደረሰው ራሱ ነው፤ እርጥብ ብረትን በፍጥነት የሚበላው በውስጡ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነውና።

ወድቆ የጠፋ ስልክ ቦርዱን በትንሹ ሲጫኑት የሚበራ ከሆነ ከአይሲዎቹ ስር ብየዳው ተሰንጥቋል።

ሲበራ ዓርማው ላይ ደጋግሞ የሚቆም ስልክ ብዙ ጊዜ ችግሩ የሶፍትዌር ነው፤ ዳታ እንደሚጠፋ ለባለቤቱ ሳይነገር ፍላሽ አይደረግ (ሶፍትዌሩ እንደገና አይጫን)።

ያበጠ ባትሪ በስለት አይነካ፣ አይጫን፣ ዳግመኛም ቻርጅ አይደረግ። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ ለሳምንታት የተቀመጠ ባትሪም በኃይል ሲቀሰቀስ ውስጡ ሾርት ሊሆን ስለሚችል እኔ አልመልሰውም።

ከመመለሱ በፊት

የተጠገነው ስልክ ተዘግቶ ለግማሽ ሰዓት መለኪያ ላይ ይቆያል፤ አምፔሩ ይታያል፣ ጀርባውም በእጅ ይዳሰሳል። ከዚያ ባለቤቱ የሚጠቀምበት ቻርጀር ራሱ ይለካል፤ ባዶውን ብቻ ሳይሆን ጭነት ተሰጥቶትም፣ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ውስጥ መቆየት አለበት። ባጃጅ ላይ ከሆነ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ የ2 አምፔር ፊውዝ እንዲገባ እነግራለሁ፤ ፊውዝ የበዛን ቮልት ባይከለክልም ሾርት ሲፈጠር ሽቦው እሳት እንዳይይዝ ያደርጋል። ስልኩን የገደለውን ቻርጀር ግን ለባለቤቱ አልመልስም። መብራቱ ስለሚበራ ቤት ውስጥ የሚያገኘው ሌላ ሰው ይሰካዋል፤ ስለዚህ አስፈቅጄ ሽቦውን ከሥሩ በፊቱ እቆርጠዋለሁ።