የዓይን ቅባት አልወጣ እያለ ለሚያስቸግራችሁ

ሐኪም የስቴሮይድ ቅባት (የዓይንን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዴክሳሜታዞን) ያዘዘላችሁ፣ ቱቦውን ስትጨምቁት እምቢ ብሎ ድንገት ዝርግፍ የሚልባችሁ ካላችሁ፦ እጃችሁን ታጠቡ፣ ክዳኑን ሳትከፍቱ ቱቦውን ጥቂት ደቂቃ ጨብጣችሁ ያዙት። በሐምሌ ብርድማ ግድ ነው። ሲሞቅ ይለሰልስና በልክ ይወጣል። ከዚያ የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጋችሁ፣ ወደ ላይ እያያችሁ፣ ሐኪሙ ያዘዘውን ያህል ብቻ። ብዙውን ጊዜ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የቱቦው ጫፍ ዓይንም ሽፋሽፍትም እንዳይነካ።

ጠብታም ካለ ጠብታው ይቅደም፤ ቅባቱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶ። ቅባት ከቀደመ ጠብታውን አያስገባውም።

እይታ ስለሚያደበዝዝ ማታ ከመኝታ በፊት ይሻላል። እኔ ጠዋት ተቀብቼ አራት ኪሎ ወጣሁ፤ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል ሰማሁት እንጂ ታክሲውን አላየሁትም።

ግን ከባለፈው የተረፈውን «ዓይኔ ቀላ» ብላችሁ በራሳችሁ እንዳትጀምሩ፤ ለጎረቤትም እንዳታውሱ። መቅላቱ የሄርፒስ ቫይረስ ያመጣው ከሆነ ስቴሮይድ ያባብሰዋል። ከታዘዘው ጊዜ በላይ ሲቆይም ምንም ሳያሳምም የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል።