ስፒንና ንዝረት ቀጥ ባሉ ሞለኪውሎች፦ ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚሳሳቱባቸው ነጥቦች

ደብረ ማርቆስ ላይ ፊዚካል ኬሚስትሪ ሳስተምር ከዚህ ርዕስ ስደርስ ሁልጊዜ ቀስ እላለሁ። ጎበዝ ተማሪ ሳይቀር የሚሰናከልበት ነው።

ስፒንን፣ ማለትም የኤሌክትሮኑን ውስጣዊ አንጉላር ሞመንተም (የመሾር መጠን)፣ ከንዝረት ጋር በቀጥታ ማገናኘት። ዋናው ስህተት ይኸ ነው። መሃላቸው አማላጅ አለ፤ እሱም የኤሌክትሮኑ በሞለኪውሉ ዘንግ ዙሪያ መዞር ነው። ስፒን ከዚህ ዙረት ጋር ተሳስሯል፤ ይህን ስፒን-ኦርቢት እንለዋለን። ዙረቱ ደግሞ ከሞለኪውሉ መጉበጥ ጋር ተሳስሯል፤ ይህኛውን ሩዶልፍ ሬነር በ1934 እ.ኤ.አ. በስሌት አሳየ። ጆን ፖፕል በ1960 ሁለቱን በአንድ ስሌት አያያዛቸው። አማላጁን ከዘለላችሁት የቀረው ሁሉ ይምታታል።

መጉበጥን ወዲያና ወዲህ ማለት ብቻ አድርጎ ማየት። ለዚህ ክፍል ውስጥ መጫኛ ይዤ እገባለሁ። ሁለት ልጆች ጫፍና ጫፉን ይይዙልኛል። ላይና ታች ሲያወዛውዙት አንድ ንዝረት፣ ግራና ቀኝ ሲያወዛውዙት ሌላ ንዝረት ነው። ሁለቱን በእኩል ፍጥነት፣ አንዱን ሩብ ዙር አዘግይተው ሲያቀናጁት የመጫኛው ሆድ ልክ እንደ ገመድ ዝላይ ይሾራል። ሞለኪውሉም እንዲሁ ነው፤ ሽረቱ የራሱ አንጉላር ሞመንተም አለው፣ ከኤሌክትሮኑ ጋር ይደመራል ወይም ይቀናነሳል። በፓይ ሁኔታ፣ ማለትም የኤሌክትሮኑ ዙረት 1 በሆነበት፣ ላይ አንድ የመጉበጥ ኳንተም (ትንሹን የንዝረት ኃይል እርከን) ስንጨምር 1 እና 1 ተደምረው 2 (ዴልታ)፣ ተቀናንሰው 0 (ሲግማ) ይሆናሉ። መለጠጥ ግን ሞለኪውሉን ቀጥ እንዳለ ስለሚተወው ይህን አያመጣም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድን ምሳሌ ማድረግ። በመደበኛ ሁኔታው ኤሌክትሮኖቹ ሁሉ ጥንድ ናቸው፤ የተረፈ ስፒን የለም። አንድ ኤሌክትሮን ያጣውን አዮኑን ውሰዱ።

የምልክት ግድየለሽነት። በዚህ አዮን የፓይ ኦርቢታሉ (የኤሌክትሮኖቹ ማደሪያ) አራት ሊይዝ ሲችል ሦስት ኤሌክትሮን ነው ያለው። ከግማሽ በላይ ስለሞላ የስፒን-ኦርቢቱ ምልክት ኔጌቲቭ ነው፤ በኃይል ከታች የሚቀመጠውም 3/2 (ዙረቱ 1 እና ስፒኑ 1/2 ሲደመሩ) እንጂ 1/2 (ሲቀናነሱ) አይደለም።

ስፒን-ኦርቢትና የሬነር ትስስር የኃይል ደረጃዎችን የሚያራርቁባቸውን ሁለት ክፍፍሎች ዝም ብሎ መደመር። ሁለቱን የሲግማ ደረጃዎች (1-1 እና -1+1) ስፒን-ኦርቢት ብቻውን በ30 አሃድ፣ የሬነሩ የዙረትና የመጉበጥ ትስስር ብቻውን በ40 ያራርቃቸዋል እንበል። ብዙዎች 70 ይጽፋሉ። መልሱ 50 ነው፤ ካሬያቸውን ደምራችሁ ስኩዌር ሩት ታወጣላችሁ። ስፒን-ኦርቢት ወደ ቀኝ የሚዞረውን ኤሌክትሮን ወደ ግራ ከሚዞረው ይለያል፤ መጉበጡ ደግሞ ሁለቱን ያቀላቅላል። የሚጎትቱት በአንድ አቅጣጫ አይደለም። እዚያው ያለው ዴልታ ግን የሚቀላቀለው ጓደኛ ስለሌለው፣ በመጀመሪያው ግምት ክፍፍሉ ያው 30 ነው።