የጠላው መልክ የሚወጣው ምጣዱ ላይ ነው

ቤታችሁ ጠላ ለምትጠምቁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያ ደስ የሚለው ቡናማ መልክ በጌሾ ብዛት አይመጣም። የሚመጣው ከእንኩሮው፣ ማለትም ተለውሶ ምጣድ ላይ ከሚበስለው ዱቄት ነው። ስለዚህ ስታነኩሩ አትቸኩሉ።

እሳቱን መጠነኛ አድርጉት። በውሃ የተለወሰውን ዱቄት እያገላበጣችሁ፣ እየፈረፈራችሁ አብስሉት። ለጋ የተቆላ ቡና መስሎ፣ ሽታው የዳቦ ቅርፊት የዳቦ ቅርፊት ሲል አውጡት። ያረረ ካለ ለቅማችሁ ጣሉት፣ እባካችሁ አትሳሱ። የጌሾ ምሬት ጠጥታችሁ ስትጨርሱ ይለቃል፤ የአረረ እህል ምሬት ግን ምላስ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ በደንብ ይቀዝቅዝ። እኔ አንዴ እንግዳ ደረሰብኝ ብዬ ትኩሱን እንኩሮ ጥንስሱ ላይ፣ እርሾው ያለበት ላይ ገለበጥኩት። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ አረፋ እንኳ አላወጣም። እርሾው ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሙቀቱ 55 ዲግሪ አካባቢ ከደረሰ ይሞታል። እጃችሁን እንኩሮው መሀል አስገቡ። ውስጡ ገና ትኩስ ከሆነ ሰፌድ ላይ በትናችሁ ጠብቁ።

ጋኑን በግራዋ አጥቦ በወይራ ማጠኑን መቼም አትረሱትም። ብቻ ከታጠነ በኋላ አፉን ክፍት አትተዉት፣ ጭሱ ቶሎ ይጠፋል።