ከባዶ ፍሬም የእሽቅድድም ሳይክል መገጣጠም

ባዶ ፍሬም እጃችሁ ገብቷል እንበል። መፍቻውን ለጊዜው ተዉትና ካሊፐር፣ በሚሊሜትር የሚለካውን መሣሪያ፣ አንሱ። ሳይክል ከዜሮ ሲገጣጠም ብር በከንቱ የሚወጣው ዕቃ ሲገዛ ነው፦ የማይገባ ቦተም ብራኬት (ክራንኩ፣ ማለትም ፔዳሎቹን የያዙት ክንዶች፣ የሚዞርበት ኩሽኔታ)፣ ትንሽ የወፈረ የኮርቻ ዘንግ፣ ከማርሹ ጋር የማይሄድ የኋላ ጎማ። ፍሬሙ ምን እንደሚቀበል ሳታውቁ ምንም አትግዙ።

ከታች ጀምሩ። ቦተም ብራኬት የሚገባበት፣ ማለትም ክራንኩ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ውስጡ የብሎን ጥርስ አለው ወይስ ልሙጥ ነው? ጥርስ ካለውና ከግራ ወደ ቀኝ ስፋቱ 68 ሚሊሜትር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቢኤስኤ የሚባለው የእንግሊዝ ስታንዳርድ ነው። 70 ከሆነ የጣሊያን ነው። ልሙጥ ከሆነ ተጭኖ የሚገባ ዓይነት ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙ መልክ ስላለው የቀዳዳውን ዲያሜትርም መለካት ግድ ነው። ቀዳዳው 41 ሚሊሜትር፣ ስፋቱ 86.5 ከሆነ ቢቢ86 ነው። ቀዳዳው 46፣ ስፋቱ 68 ከሆነ ፒኤፍ30 ነው።

ከዚያ የኋላ ጎማ የሚገባበትን ክፍተት ለኩ። ጎማውን ከጠርዙ የሚይዝ ፍሬን ያላቸው ፍሬሞች በብዛት 130 ሚሊሜትር ናቸው። የዲስክ ፍሬን ያላቸው አዳዲሶቹ ደግሞ 142 ሆነው 12 ሚሊሜትር የሚወፍር አክስል ያልፍባቸዋል። የኮርቻ ዘንጉ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ 27.2 ነው፣ ግን በግምት አትግዙ። የፊት ዲሬይለሩም (ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚገፋው) ፍሬሙ ላይ የተበየደ ቦታ አለው ወይስ ቱቦውን አቅፎ ነው የሚታሰረው፣ እሱንም ጻፉት።

ማርሹን በተመለከተ የኔ ምክር አጭር ነው፣ መቀየሪያውን፣ ዲሬይለሩንና ካሴቱን (የኋላ ማርሾቹን ስብስብ) ከአንድ ቤተሰብ ግዙ። ሺማኖ፣ ስራምና ካምፓኞሎ አንድ ጊዜ ጠቅ ሲሉ የሚስቡት የሽቦ ርዝመት ይለያያል፣ ስለዚህ አንዱ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ በሥርዓት ሲቀይር የምታዩት እምብዛም ነው። ያገለገለ ጎማ ከገዛችሁም ሀቡ፣ ካሴቱ የሚቀመጥበት የጎማው መሀል፣ ስንት ማርሽ እንደሚቀበል ጠይቁ። ለሺማኖ 11 ማርሽ የተሠራ ሀብ ላይ 10 ማርሽ ካሴት ሲገባ ከኋላው 1.85 ሚሊሜትር ቀለበት ይፈልጋል፣ አለዚያ ካሴቱ ይወዛወዛል።

ክብደት ላይ ብዙ አትጨነቁ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዩሲአይ ለውድድር የፈቀደው ዝቅተኛ ክብደት ራሱ 6.8 ኪሎ ነው። ቀላል ብሎን ለመግዛት ያሰባችሁትን ብር ጥሩ ጎማና ጥሩ የሽቦ ልባስ ላይ አውሉት። ልዩነቱን ስትነዱ የምታገኙት እዚያ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ቦተም ብራኬቱ መጀመሪያ ይግባ። ጥርሱን በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፣ ግራሶ ቀቡ፣ የታይታኒየም ፍሬም ከሆነ ደግሞ በግራሶ ፈንታ ብረቶቹ እንዳይጣበቁ የሚከላከለውን ቅባት ተጠቀሙ። ቢኤስኤ ላይ የቀኙ ኩባያ (የቦተም ብራኬቱ ኩሽኔታ ያለበት ክፍል) የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። የግራው ግን እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ። በጣሊያኑ ሁለቱም ወደ ቀኝ ነው የሚጠብቁት። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በጣት ብቻ አዙሩ። በጣት አልሄድ ካለ መፍቻ አታምጡ፣ አውጡትና ውስጡን እዩ። ብዙ ጊዜ ቀለም ነው የሚይዘው፣ ወይም ኩባያው ተጣሞ ገብቷል። በጉልበት የገባ ኩባያ የፍሬሙን ጥርስ ይበላዋል፣ የተበላ ጥርስ ደግሞ ፍሬሙን ራሱን ያስጥላል። ቀለሙ ጥርሱን ከሸፈነው ጥርስ ማውጫ መሣሪያ ወዳለው ባለሙያ ውሰዱት። የሺማኖ ኩባያዎች ከ35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር (በቶርክ መፍቻ የሚለካ የማጥበቂያ ኃይል) ድረስ ይጠብቃሉ፣ ያ ጠንካራ ጉልበት ነው።

ቀጥሎ ፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) እና ሄድሴቱ (ፎርኩ የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች)። እዚህ ጋ ቀስ በሉ፣ ምክንያቱም ከተቆረጠ በኋላ የማይመለሰው ነገር የፎርኩ ቱቦ ነው። ኩሽኔታዎቹን ግራሶ ቀብታችሁ አስገቡ፣ ፎርኩን ከታች አሳልፉት፣ ቀለበቶቹንና ስቴሙን (መሪውን ከፎርኩ ቱቦ ጋር የሚያያይዘውን) ከላይ ደርድሩ። የመሪው ከፍታ ስንት እንደሚሆን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ቱቦውን አሁን በቁመቱ አትቁረጡት፣ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ተጨማሪ ቀለበት ከስቴሙ በላይ አድርጋችሁ የተወሰኑ ሳምንታት ንዱት። ጀርባችሁ ይነግራችኋል። ከዚያ ስትቆርጡ የቱቦው ጫፍ ከላይኛው ቀለበት ወይም ከስቴሙ አፍ 3 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። እኩል ከሆነ ክዳኑ ቱቦው ላይ ያርፋል፣ ሄድሴቱን አይጫነውም፣ እናንተም ብሎኑን ብታጠብቁ ብታጠብቁ መወዛወዙ አይጠፋም።

ካርቦን ቱቦ ከሆነ ጥቃቅን ጥርስ ያለው የሴጌቶ ምላጭ ተጠቀሙ፣ የምትቆርጡበትን ቦታ በቴፕ ጠቅልሉ፣ የመጋዝ መምሪያ ላይ እሰሩት፣ ጭንብል አድርጉ። ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ በውሃ እያረጠባችሁ ቁረጡ። የክዳኑ ብሎን እንዲታሰርበት ቱቦው ውስጥ የሚገባው እየሰፋ የሚይዘው ዓይነት መያዣ ነው። በብረትና በአሉሚኒየም ቱቦ ላይ የሚመታው ባለኮከቡ ዳዶ የካርቦኑን ውስጥ ይቧጥጠዋል፣ እሱን አታስገቡ።

ሲታሰር ቅደም ተከተሉ ይኸውና፦ የክዳኑን ብሎን መወዛወዙ እስኪጠፋ ብቻ አጥብቁ፣ ስቴሙን ከፊት ጎማው ጋር አስተካክሉ፣ ከዚያ የስቴሙን የጎን ብሎኖች ተራ በተራ እያፈራረቃችሁ እሰሩ። ብዙ ስቴሞች 5 ኒውተን ሜትር ይላሉ፣ ቁጥሩ ራሱ ስቴሙ ላይ ተጽፏል። የፊት ፍሬን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደፊት ወደኋላ ግፉት። ኮክ የሚል ነገር ከተሰማችሁ አሁንም ልል ነው። መሪው ሲዞር ከከበደ ደግሞ ከመጠን በላይ ጠብቋል።

ኮርቻውና ዘንጉ ብዙ ወሬ አይፈልጉም። ዘንጉ ወይም ፍሬሙ ካርቦን ከሆነ ግራሶ አይቀባም፣ የካርቦን ፓስታ ነው የሚቀባው። በዘንጉ ላይ ያለውን ዝቅተኛ የመግቢያ መስመር ግን አክብሩ።

ክራንኩን አስገቡ። በሺማኖ ላይ የግራውን ክንድ ገፍታችሁ የፕላስቲኩን ክዳን በጣት ኃይል ያህል ብቻ አጥብቁ፣ ከዚያ ሁለቱን ብሎኖች እያፈራረቃችሁ ከ12 እስከ 14 ኒውተን ሜትር እሰሩ። የግራው ፔዳል ደግሞ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፣ ይህን ረስተው የክራንኩን ጥርስ የሚበሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ሽቦው ላይ ሰዓታችሁን አጥፉ። ማርሽ አልስተካከል ሲል ሰው ሁሉ የዲሬይለሩን ብሎኖች ማዞር ይጀምራል፣ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ልባሱ ውስጥ ወይም ሀንገሩ፣ ዲሬይለሩ የሚንጠለጠልበት ትንሽ አሉሚኒየም፣ ላይ ነው። የፍሬን ልባስና የማርሽ ልባስ አንድ አይደሉም። የፍሬኑ ውስጡ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ሽቦ ነው፣ የማርሹ ደግሞ በቁመት የተዘረጉ ቀጭን ሽቦዎች ነው፣ ለዚህ ነው ሲታጠፍ ርዝመቱ የማይለዋወጠው። አትለዋውጡ፣ በተለይ የማርሹን ልባስ ለፍሬን ማዋል አደገኛ ነው፣ በኃይል ስትጨብጡ ሊተረተር ይችላል። መሪውን እስከመጨረሻው ግራና ቀኝ እያዞራችሁ ርዝመቱን ለኩ። በስለታማ የሽቦ መቁረጫ ቁረጡት፣ ጫፉን በሞረድ አስተካክሉ፣ ውስጡ የተደፈጠጠውን ፕላስቲክ በመርፌ ክፈቱት። ያቺ የተዘጋች ቀዳዳ ናት ዲሬይለሩን ቀርፋፋ የምታደርገው።

ሀንገሩ አዲስ ፍሬም ላይም ቢሆን ሊጣመም ይችላል። በመለኪያ አሳዩት።

ካቴናውን ዲሬይለሩ ውስጥ ሳታሳልፉ በትልቁ የፊት ጥርስና በትልቁ የኋላ ማርሽ ላይ ጠቅልሉት፣ ጫፎቹ ከሚገናኙበት ላይ ሁለት ዘለላ ጨምሩና ቁረጡ። ካጠረ ትልቅ በትልቅ ሲገባ ሀንገሩን ይሰብራል።

ማስተካከሉ የሚጀምረው ሽቦው ሳይታሰር ነው። ዲሬይለሩ በትንሹ ማርሽ ስር እንዲቆም ኤች የተጻፈበትን ብሎን አዙሩ። ሽቦውን እሰሩ፣ ከዚያ ክራንኩን እያዞራችሁ ዲሬይለሩን በእጃችሁ ወደ ትልቁ ማርሽ ግፉትና ወደ ራጂዎቹ እንዳያልፍ ኤል የተጻፈበትን አጥብቁ። ወደ ትልቁ ሲወጣ ከዘገየ የሽቦ ማስተካከያዋን (ሽቦው ዲሬይለሩ ጋ የሚገባባትን የምትዞር ቁራጭ) ወደ ግራ ግማሽ ዙር አዙሩ፣ ወደ ትንሹ ሲወርድ ከዘገየ ወደ ቀኝ። የፊቱ ዲሬይለር ከትልቁ ጥርስ በላይ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ክፍተት ይበቃዋል። የፍሬን ጎሚኒዎቹ ደግሞ ቸርኬውን ብቻ ይንኩ፣ ጎማውን በፍጹም።

የመሪ ቴፑን በመጨረሻ፣ ከጫፉ ወደ ስቴሙ እየጠቀለላችሁ ውጡ።

የመጀመሪያው መንገድ አጭር ይሁን። ልባሱ ቦታውን ስለሚይዝ ማርሹ ትንሽ ይላላል፣ ማስተካከያዋን ግማሽ ዙር ወደ ግራ አዙሩ። የስቴሙን፣ የክራንኩንና የኮርቻውን ብሎኖች በቶርክ መፍቻ ድጋሚ ፈትሹ። ስትረግጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ መጀመሪያ የፔዳሎቹን ጥርስ፣ ከዚያ የኮርቻ ዘንጉን፣ ከዚያ የኋላ ጎማውን ማሰሪያ እዩ። ቦተም ብራኬቱን የምትፈቱት ጥፋቱ ከነዚህ ሁሉ ካልሆነ ብቻ ነው።