የካምፒንግ ዕቃ መመዘኛ ትንሽ ሚዛን፦ ችግርና መፍትሄ

ሰሜን ተራሮች ላይ ከሳንቃበር ካምፕ ወደ ግጭ ካምፕ ስትጓዙ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው የምትራመዱት። አየሩ ስስ ነው፤ ትርፍ ግማሽ ኪሎ ትከሻ ላይ ይታወቃል። ድንኳኑን በቅሎ ቢጭንላችሁም የዕለቱን ቦርሳ የምትሸከሙት ራሳችሁ ናችሁ። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ዕቃውን አንድ በአንድ መዝኑት። ውድ ሚዛን አያስፈልግም። እስከ 5 ኪሎ የሚችል፣ በ1 ግራም የሚቆጥር ተራ የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ሲያስቸግር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቦታው ወይም የባትሪው ነው።

አንድ ዕቃ ሁለቴ ሲመዘን ቁጥሩ ይለያያል

መጀመሪያ ሚዛኑ የተቀመጠበትን እዩ። ምንጣፍ ላይ ወይም የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ከሳህኑ ስር ያለች ብረት በጭነቱ በጣም በጥቂቱ ትጎብጣለች፤ ሚዛኑ የሚያነበው ያንን ነው። እግሮቹ እኩል ካልቆሙ ንባቡ ይዛባል። ሴራሚክ ወለል ላይ አስቀምጡት፣ መስኮት ዝጉ፣ ዕቃውን መሃል አድርጉ። ካልተስተካከለ ባትሪ ቀይሩ። አዲስ ባትሪ ገብቶም ከዋዠቀ ሚዛኑ ራሱ ችግር አለበት።

ይህን ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ መፈተን ትችላላችሁ። ስልካችሁን መሃል ላይ፣ ከዚያ በአራቱም ጠርዝ መዝኑ። ቁጥሮቹ ከተራራቁ ሌላ ይሰጣችሁ። ማሸጊያው ላይ «0.1 ግራም» መባሉ አያታልላችሁ። ያ ስክሪኑ ቁጥሩን ምን ያህል ከፋፍሎ እንደሚያሳይ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ልክ መሆኑን አያረጋግጥም። እንዲህ ያሉት የኪስ ሚዛኖች ብዙዎቹ የሚችሉት ጥቂት መቶ ግራም ነው፤ ጫማ እንኳ ላይችሉ ይችላሉ።

ቁጥሩ አይዋዥቅም፣ ግን ሁሌ ይጎድላል ወይም ይበዛል

እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ክብደቱ በትክክል የታወቀ ነገር ነው። የምታውቁት ወርቅ ቤት ካለ አንድ ጓጉንቸር ወስዳችሁ አስመዝኑ። የወርቅ ሚዛን ብዙውን ጊዜ ከኩሽና ሚዛን ይበልጥ ትክክል ነው። ቁጥሩን ጓጉንቸሩ ላይ ጻፉበት፤ ከዚያ በኋላ የቤታችሁ መፈተኛ እሱ ነው። ሚዛናችሁ የማስተካከያ ቁልፍ ካለው በመመሪያው መሰረት አስተካክሉት። ከሌለው ልዩነቱን በሂሳብ አርሙ፤ 500 ግራሙን 495 የሚል ሚዛን አንድ ኪሎውን 990 ገደማ ይላል።

የአዲስ አበባ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ ከፍታችንም 2,300 ሜትር ገደማ ነው። የምድር ስበት እዚህ ትንሽ ይቀንሳል። ቻይና ውስጥ የተስተካከለ ሚዛን አዲስ አበባ ላይ ከኪሎው ከ1 እስከ 3 ግራም ሊያጎድል ይችላል። ለቦርሳ ግን ይህ ምንም አይደለም።

ትንንሽ ዕቃ ሲጨመርበት ዝም ይላል

ብዙ ሚዛኖች ዜሮ አካባቢ ያለ ጥቃቅን ለውጥ ሲያዩ ራሳቸውን መልሰው ዜሮ ያደርጋሉ። ክብሪትና ፕላስተር ቀስ እያላችሁ ስትጨምሩ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ከበድ ያለ ሳህን አስቀድማችሁ ጫኑ፤ ዜሮ አታድርጉት። ዕቃውን ጨምራችሁ ልዩነቱን ቀንሱ።

ድንኳኑ ስክሪኑን ይሸፍናል

ጠባብና ረዘም ያለ ባልዲ ጫኑ፣ ዜሮ አድርጉ፣ ድንኳኑን ጠቅልላችሁ ውስጡ ክተቱ። የጨርቁ ጫፍ ጠረጴዛውን ከነካ ክብደቱ ይጎድላል።

የሻንጣ ሚዛን በያንዳንዱ ማንሳት ሌላ ቁጥር ይሰጣል

በእጅ የሚንጠለጠለው ሚዛን ቦርሳው ሲወዛወዝ አይረጋም። አንዳንዱ ደግሞ ሳይረጋ ቁጥሩን ይቆልፋል። በር ላይ ወይም ጠንካራ እንጨት ላይ ስቀሉት፣ ቦርሳውን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። እሱ ለጠቅላላው ጓዝ ነው፤ ማንኪያና ባትሪ አትመዝኑበት። ከሌላችሁም የሰውነት ሚዛን ላይ ከነቦርሳው ቁሙ፣ ከዚያ ያለ ቦርሳ፤ ልዩነቱ የጓዛችሁ ክብደት ነው።